የተከላካይ መስመር ለምን በየዓመቱ ይፈርሳል?

ወልቂጤ ከተማ (ሠራተኞቹ) በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል የሁላችንም ዓይን አጥቂው ላይ ነበር። ቡድንን ሊጉ ላይ የሚያቆየው ግን ኋላው ነው።

▪ የስብስብ ጥልቀት ምንድን ነው?
ለአንድ ቦታ ቢያንስ 2 ተጫዋች መኖር ነው። በ4 ተከላካይ የሚጫወት ቡድን 8 ያስፈልገዋል። አንዱ ቢጎዳ ወይ ቀይ ካርድ ቢያይ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ተቀያሪ ወንበር ላይ አለ ማለት ነው።

▪ ተከላካይ ሲለቅ ለምን ይብሳል?
አጥቂ ብቻውን ጎል ሊያገባ ይችላል። የኦፍሳይድ መስመር ግን አራቱም እኩል ሲወጡ ነው የሚሠራው። ይሄ መግባባት ደግሞ በአንድ ክረምት አይመጣም።

▪ ለምን ይለቃሉ?
ውሉ አጭር ነው፣ ደሞዝም ይዘገያል። በፊፋ ደንብ የ2 ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ክለቡም ያለ ዝውውር ሂሳብ ባዶ እጁን ይቀራል።

▪ ምን ይሻላል?
ደሞዝን በጊዜው መክፈል፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ታዳጊዎችንም ከዋናው ቡድን ጋር ማለማመድ። በየክረምቱ አዲስ አራት ተከላካይ ከማስፈረም ይሄ ይረክሳል።

እናንተስ ሰፈር ጎበዝ ተከላካይ አለ?