የጥር 13 ግብ፦ መንግሥቱ ወርቁ

መንግሥቱ ወርቁ የተወለደው ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በ1932 ዓ.ም. ግድም ነው። ከተማዋ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የጣሊያን ጦር እዚያው ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከወረራው በፊት የበጌምድር ግዛት ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ነበረች። ከነጻነት በኋላ መቀመጫው ወደ ጎንደር ዞረ። ስለዚህ በደብረ ታቦርም ሆነ በጣራ ገዳም ግርጌ በአዲስ ዘመን ለሚኖር ሰው መንግሥቱ የአንድ ጠቅላይ ግዛት ልጅ ነው።

ስሙ የገነነው ግን አዲስ አበባ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ነው። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ሰፈር የተመሠረተ የኢትዮጵያውያን ቡድን ነው። የአገሪቱ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር ከተፎካካሪዎቹ አብዛኞቹ በከተማው የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ቡድኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫም የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። መንግሥቱ ጊዮርጊስን በተቀላቀለበት ጊዜ ነገሩ ተለውጦ ነበር። የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊስና የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድኖች መጥተዋል፤ ከድሬዳዋ የጥጥ ማኅበር፣ ከአስመራም ጠንካራ ክለቦች ተነሥተዋል። ኳስ መጫወት ግን ገና እንጀራ አልሆነም። ተጫዋቹ ወይ ሥራ ነበረው ወይ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ፕሮፌሽናል የሚባለው፣ በውል ተቀጥሮ በእግሩ ብቻ የሚኖር ተጫዋች በአገሩ አይታወቅም ነበር።

የጨዋታው አሰላለፍም ከዛሬው ይለያል። ቡድኖች ከፊት አምስት ሰው ያሰልፉ ነበር፦ አንድ የመሐል አጥቂ፣ ግራና ቀኙን ሁለት የውስጥ አጥቂዎች፣ በዳርና በዳር ደግሞ ሁለት ክንፎች። የክንፍ ተጫዋች ሥራ ጠባብና ግልጽ ነበር፤ በመስመሩ ይሮጣል፣ ተከላካዩን ያልፋል፣ ከማዕዘኑ አጠገብ ሆኖ ያሻማል። የተሻማችውን ኳስ ጎል የሚያደርጋት ሌላ ነው። የዛሬው የመስመር ተጫዋች ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ራሱ ይመታል፤ የያኔው ግን ይህን ቢያዘወትር ቦታህን ለቀህ ትሄዳለህ ተብሎ መገሠጹ አይቀርም ነበር። መንግሥቱ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ በጎል አግቢነቱ የታወቀ አጥቂ ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ብትሆንም ጅማሬዋ አላማረም። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ግብፅ ያንኑ 4 ለ 0 ደገመችው፣ ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈች። ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ እንዲካሄድ ሲወሰን፣ ኢትዮጵያ በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ገብቶባት አንድም ያላስቆጠረች አገር ነበረች። ይህ ቁጥር ካልታወሰ የ1954 ዓ.ም. ነገር ሙሉ ትርጉም አይኖረውም።

አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ እሳቸውም የጊዮርጊስ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያው ማሊያ የተጫወቱ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአስመራ ልጆች ናቸው፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበረች ብሔራዊ ቡድኑ ከሁለቱም ወገን ተውጣጥቶ ነበር። የመጡት አራት አገሮች ብቻ በመሆናቸው ውድድሩ ከግማሽ ፍጻሜ ጀመረ። እሑድ ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ከአራቱ ሁለቱን ያገባው መንግሥቱ ነው። በሌላው ወገን ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው የአረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም፣ ዑጋንዳን 2 ለ 1 ጥላ አለፈች።

ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ጥምቀት ዓርብ ውሏል፤ የሚካኤል ታቦት ቅዳሜ ገብቷል፤ ከተማው ገና ከበዓሉ አልወጣም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በዳዊ አገባ። ኢትዮጵያ አቻ እስክትሆን ብዙ ጠበቀች፤ ግርማ ተክሌ ያስቆጠረው በ74ኛው ደቂቃ ነው። ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ በ75ኛው በዳዊ ሁለተኛውን ደገመ። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ያለቀ የሚመስልበት ዘጠኝ ደቂቃ አለ። በ84ኛው ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው፤ መደበኛው ሰዓትም በዚሁ አለቀ።

ተጨማሪው ሰላሳ ደቂቃ የሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ካይሮ በአባይ ዳር፣ ከባሕሩ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ያልለመደው ሰው ልቡ ፈጥኖ ይመታል፤ ሮጦ ከቆመ በኋላም ትንፋሹ ቶሎ አይመለስለትም። ከቆላ መጥቶ የደብረ ታቦርን ዳገት በችኮላ የወጣ እንግዳ ይህን ያውቀዋል፤ ደብረ ታቦር እንዲያውም ከአዲስ አበባ ትበልጣለች፣ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ግብፆቹን ያሸነፋቸው ከፍታው ነው ማለት ግን የተጫዋቾቹን ድካም መንጠቅ ይሆናል፤ ያው አየር እስከ 84ኛው ደቂቃ ድረስ ከመምራት አላገዳቸውም። ሆኖም ከመቶኛው ደቂቃ በኋላ ደጋ ላይ ያደገ ሳንባ ዋጋ አለው።

በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አገባና ኢትዮጵያ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። አንድ ጎል ብልጫ ይዞ መጠበቅ ከባድ ነው፤ አንዲት የተሻማች ኳስ፣ አንድ የበረኛ ስሕተት ሁሉን ታፈርሳለች። ያንን ጭንቀት የፈታው መንግሥቱ ነው። ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ በ117ኛው፣ አራተኛውን አስቆጠረ። 4 ለ 2። የካርቱምና የካይሮ አራት ጎሎች በአዲስ አበባ አራት ተመለሱ። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ ከበዳዊ ጋር እኩል ሦስት ሦስት ጎል አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢነትን ተጋራ። ኢትዮጵያ በሁለቱ ጨዋታ ካገባቻቸው ስምንት ጎሎች ሦስቱ የእሱ ናቸው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ አላነሣችም።

ከፍጻሜው በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ መንገድ ቁልቁል ነው፣ ግን በአንዴ አይደለም። በኅዳር 1956 ዓ.ም. ጋና ላይ አራተኛ ወጣ። በ1958 ዓ.ም. ቱኒዝያ ላይ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፈ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና ወደ አገር ቤት ሲመጣ ዑጋንዳን፣ ኮትዲቯርንና አልጄርያን ተራ በተራ አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስቀረችው። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ጎሎች በድምሩ አሥር ናቸው፤ ከዚህ በላይ ያስቆጠረ ኢትዮጵያዊ የለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ስለሆነ የእሱን ችሎታ ያህል የቡድኑን ከመድረኩ መጥፋትም ይናገራል፤ በውድድሩ የማይገኝ አገር አጥቂ ቁጥር የሚያሻሽልበት ቦታ አያገኝም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ መንግሥቱ አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን የመራው እሱ ነው። በናይጄርያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ከአልጄርያ 0 ለ 0 ወጣ። ያቺ አልጄርያ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችው ናት፤ አቻው ስለዚህ የሚናቅ አልነበረም። በጎል አግቢነቱ የሚታወቀው ሰው የመራው ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ መመለሱ ግን የውድድሩ መራራ ገጽታ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ቀረች።

መንግሥቱ ወርቁ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. በሰባ ዓመቱ አረፈ። ቡድኑ ወደ መድረኩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ የመጀመሪያ ተጋጣሚው የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ሆነች። ኢትዮጵያ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነች፣ በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጣ፣ አንድ ጎልም ገባባት። በሁለተኛው አጋማሽ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ አቻ አደረጋት፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ስታገባ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀኑ ጥር 13፣ ዓመተ ምሕረቱ 2005 ነው።