ማንም የማያስነሳችሁ ወንበር

እስቲ ስሙኝ! ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1683 ነው፤ የቱርክ ሠራዊት ቪየናን ከቧታል። ሁለት ወር ሙሉ መድፍ ሲያጓራ፣ ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ሲማስ፣ ባሩድ ሲፈነዳ ሰነበተ። ከተማዋ ለመውደቅ አንድ ሐሙስ ሲቀራት፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪ ከካህለንበርግ ኮረብታ ፈረሰኞቹን ለቀቀባቸው። ከባቢው ጦር ድንኳኑን እንደ ተተከለ ጥሎ ሸሸ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቪየናዎች እንዲህ ያወሩታል። ከተጣለው ዕቃ መሀል በጆንያ የታጨቀ ፍሬ ተገኘ። «የግመል ቀለብ ነው፣ ይጣል!» ሲባል፣ ኮልሺትስኪ የሚሉት ሰው ብድግ ብሎ ለኔ ስጡኝ አለ። ቱርክኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ በከበባው ጊዜ እንደ ቱርክ ለብሶ፣ የጠላትን ሰፈር አቋርጦ መልእክት አድርሷል። ውለታው ትልቅ ነውና ጆንያው ተሰጠው፤ ቆላው፣ ወቀጠው፣ አፈላው፣ የመጀመሪያውንም ቡና ቤት ከፈተ። ዛሬ በስሙ የተሰየመ ጎዳና አለ። ከጎዳናው ጥግ፣ ከአንድ ሕንፃ ላይ፣ የቱርክ ልብስ ለብሶ ቡና ሲቀዳ የሚያሳይ ሐውልት ቆሞለታል።

ሰውየው በእርግጥ ነበረ፤ መልእክቱንም በእርግጥ አድርሷል። የጆንያውን ነገር ግን አንድ ቄስ ነው መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1783፣ ጽፎ ያስፋፋው። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1685 በቪየና ቡና አፍልቶ የመሸጥ ፈቃድ የተቀበለው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነው። ለእሱ አንዲት ትንሽ መናፈሻ በስሙ የተሰየመችለት ገና በ2004 ነው። እኔ የዲዮዳቶን ታሪክ አስበልጣለሁ። ምርኮም ጀብዱም የለበትም፤ አንድ ስደተኛ ነጋዴ ፈቃድ አውጥቶ፣ እሳት አንድዶ፣ በሩን ከፍቶ እንግዳ ጠበቀ፤ ይኸው ነው። ያኔ አውሮፓ የሚገባው ቡና ከየመን በሞካ ወደብ ይጫን ነበር፤ ተክሉ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመን የገባው ከእኛ ደን ነው። እና እዚያ ቤት ውስጥ እኛም ድርሻ አለን።

ዛሬ ቪየና የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚጠቆመው ካፌ ሴንትራል ነው። በ1876 የተከፈተ፣ ትሮትስኪ ቼዝ ይጫወትበት የነበረ፣ ጣሪያው እንደ ካቴድራል የተቀለሰ ቤት ነው። ውበቱን አልክድም። ግን በሩ ላይ ሰልፍ አለ፤ ወንበራችሁ እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ሰው ውጭ ቆሞ እያያችሁ ደግሞ ቡና አይወርድም። እዩት፣ እለፉት።

ሂመልፕፎርት ጎዳና ላይ ፍራውንሁበር የሚባል ካፌ አለ፤ በከተማው ካሉት ሁሉ አንጋፋው እኔ ነኝ ይላል። ሞዛርት ማርች 4 ቀን 1791 በዚያ ቤት አዳራሽ ፒያኖ ተጫውቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞተ። ከዚያ ራቅ ብሎ በ1880 የተከፈተው ካፌ ሽፐርል ይገኛል፤ የቢሊያርድ ጠረጴዛዎቹ ዛሬም ከአዳራሹ አልተነሱም፤ ግማሾቹ ላይ ጋዜጣ ተዘርግቶባቸዋል።

የትኛውም ጋ ብትቀመጡ የቡናውን አቀራረብ አስተውሉ። ጥቁር ሱፍ የለበሰው አስተናጋጅ አይቸኩልም። ቡናውን በሞላላ የብር ትሪ ያመጣል፤ ከስኒው ጎን አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ በብርጭቆው አፍ ላይ ትንሽ ማንኪያ በአፏ ተደፍታ ትጋደማለች። ያ ውሃ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ግን የቪየና ቧንቧ ከ1873 ጀምሮ የሚቀዳው ከአልፕስ ተራራ ምንጭ ነው። ብርጭቆው ሲጎድል ሌላ ይመጣላችኋል፣ ሳትጠይቁ። ጋዜጦቹ በእንጨት መያዣ ተሰክተው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንሡና አንብቡ። አንድ ስኒ ይዛችሁ ሦስት ሰዓት ብትቀመጡ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ብሎ የሚያሳቅቃችሁ የለም፤ ሒሳብም ካልጠራችሁ አይመጣም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ተቀምጦ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የሚደንቀኝ ለትርፍ የተከፈተ ቤት ይህን መፍቀዱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ የቪየና ካፌዎች ነፍስ ተነጠቀች። ከደንበኞቹም ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ፤ ንብረታቸው ተዘረፈ፣ የቻለ ተሰደደ፣ ያልቻለ ተገደለ። በእነዚያ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ይጽፉና ይከራከሩ የነበሩት ሰዎች ቦታ ተመልሶ አልሞላም። ይህን ሳያስቡ ስለ ቪየና ቡና ማውራት ነውር ይመስለኛል።

ዶሮቴየር ጎዳና ላይ ያለውን ካፌ ሃቬልካን ሊዮፖልድና ዮዜፊነ ሃቬልካ የከፈቱት ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1939 ነው። ወዲያው ጦርነቱ መጣ፤ ባልየው ለውትድርና ተወሰዱ፣ ካፌው ተዘጋ። በ1945 ሲመለሱ ከተማው ፈርሷል፤ የእነሱ ቤት ግን ተርፏል። እሳቸው ከቪየና ደን እንጨት ለቅመው እያመጡ፣ እሷ በእንጨት ምድጃ ቡና እያፈላች እንደገና ጀመሩ። አገሩ እስከ 1955 በአራት ኃያላን ተይዞ ሳለ፣ ብርድና ችግር የመታቸው ሠዓሊዎችና ደራሲዎች እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠለሉ፤ ሠዓሊው ሁንደርትቫሰር፣ ተዋናዩ ኳልቲንገር ከደንበኞቹ ነበሩ።

በ1950ዎቹ ቆሞ የሚጠጣበት የኤስፕሬሶ ቤት ፋሽን ሲሆን በከተማው ስንቱ የድሮ ካፌ ተዘጋ። ሃቬልካ አልታደሰም፣ አልሰፋምም። ዮዜፊነ ወንበር የጠበበ ዕለት የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አጎራብታ ታስቀምጥ ነበር። እሷ በ2005 አረፈች። ሽማግሌው ሊዮፖልድ ግን ከዚያም በኋላ በሩ አጠገብ እየተቀመጡ እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ መቶ ዓመት ሞልቷቸው ዲሴምበር 29 ቀን 2011 አረፉ። በዚያው ዓመት የቪየና የቡና ቤት ባህል በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ቤቱን ዛሬም የያዙት ዘሮቻቸው ናቸው።

ከገባችሁ ማታ ግቡ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳው በፖስተርና በሥዕል ተሸፍኗል፤ የሶፋው ጨርቅ በተቀማጭ ብዛት ሳስቷል። መሸት ሲል ከጓዳ የእርሾ ሽታ ይመጣል፤ ቡኽተልን ይሉታል፤ በውስጡ የፕሪም ማርማላታ ያለበት ትንንሽ ለስላሳ ዳቦ፣ በዮዜፊነ አሠራር የሚጋገር። ትኩሱን ነው የሚያቀርቡት፤ ስለዚህ ቀን ሄዳችሁ ብትጠይቁ የለም ትባላላችሁ። ወንበር ካጣችሁ አትመለሱ፤ ባዶ ቦታ ያለበት ጠረጴዛ ፈልጋችሁ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈገግ ብለው ጠጋ ይሉላችኋል።