ቁስሉ የማን ነው?

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ አበው። በሥራ ላይ የተሰበረ ሠራተኛም ዕጣው ይኸው ነው። መጀመሪያ መኪናው ይሰብረዋል፤ ቀጥሎ የቀዶ ጥገናው መዘዝ ይይዘዋል፤ በመጨረሻም «ይህኛው ከሐኪሙ እንጂ ከእኛ የመጣ አይደለም» የሚል አሠሪ ይገጥመዋል። የጉዳት ካሳ ሕግ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የመጀመሪያው ምት ብቻ ነው። የሕጉ እውነተኛ ፈተና ግን ጉዳት የት ይጀምራል የሚለው ሳይሆን የት ያበቃል የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል። (ከአገራችን ሕጎች በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝ አገር አንድ የሥጋ ነጋዴ አገልጋይ ከመጠን በላይ የተጫነ ጋሪ ተሰብሮበት ጭኑ ተሰበረ። መጀመሪያ 100 ፓውንድ ቢፈረድለትም የበላይ ዳኞች በ1837 ፍርዱን ሻሩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የፍርድ ቤቶች መልስ «አደጋውን አውቀህ ገብተሃል፤ ያጠፋውም የሥራ ባልደረባህ ነው» የሚል ሆነ።

በዚያ ዘመን ከአደጋው ያልተናነሰ ገዳይ ሆስፒታሉ ነበር። የግላስጎው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር በ1865 ጋሪ የሄደበትን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ እያጠበ እግሩን አተረፈ። ሊስተር ራሱ ባሳተመው ቁጥር መሠረት ከዚህ ዘዴ በፊት እጅ ወይም እግር ከተቆረጠላቸው 35 ሕሙማን 16ቱ ሞተዋል፤ ከዘዴው በኋላ ግን ከ40ው የሞቱት 6 ናቸው። እንግዲህ የመዘዙ ምንጭ ታወቀ፤ መከላከያውም ተገኘ። የቀረው ዕዳውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ታላቅ መልስ የሰጠችው የቢስማርክ ጀርመን ናት። ቢስማርክ የሠራተኛ ወዳጅ ስለ ነበር አይደለም፤ ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች እጅ ለመንጠቅ ነው። በሐምሌ 1884 የወጣው የአደጋ መድን ሕግ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ከአሥራ ሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን የሕክምና ወጪና የጡረታ ክፍያ በየኢንዱስትሪው በተደራጁ የአሠሪዎች ማኅበራት ላይ ጣለ። ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሰው የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ መክፈል ግዴታ ሆነ። ውጤቱ አስተማሪ ነው። በክፉ ሕክምና የተበላሸ እግር ለአሠሪዎቹ የዕድሜ ልክ ወጪ ስለ ሆነ የቀዶ ጥገናው ጥራት ያሳስባቸው ጀመር። በ1890 ቦኩም ከተማ ውስጥ ለማዕድን ቆፋሪዎች የተከፈተው ቤርግማንስሃይል፣ በዓለም የመጀመሪያው የአደጋ ሆስፒታል፣ የዚህ ስሌት ልጅ ነው። የመዘዙን ዋጋ የሚከፍል ወገን መዘዙን ለመከላከል ይተጋል።

ብሪታንያ በ1897 ተከተለች፤ ሕጓ ግን ግማሽ ደመወዝ እንጂ ሕክምና አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ችሎት ሄደ። በ1902 የእግር ጣቱ ተጎድቶ በኋላ ቁስሉ በመመርቀዙ ስለ ሞተ ሠራተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዋናው ነገር ሞቱ በእርግጥ ከጉዳቱ መምጣቱ ነው እንጂ አስቀድሞ መገመት መቻሉ አይደለም አለ። በ1909 ደግሞ ለጉዳቱ በተደረገ ተገቢ ቀዶ ጥገና ላይ በማደንዘዣ የሞተ ሰው ሞት ከሥራ አደጋው እንደ መጣ ሊቆጠር ይችላል ተባለ። የሳንቲሙ ሌላ ገጽታም አለ። በእነዚሁ ዓመታት ቀላል ቀዶ ጥገናን ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ ሠራተኛ ካሳውን ሊያጣ እንደሚችል ተፈርዷል። ቢላውን መፍራት ዋጋ ነበረው።

የእኛስ? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንሥቶ እስከ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድረስ ሕጋችን በዚህ ረገድ የሚናቅ አይደለም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ወጪም አለበት። ሕክምናው የሚቋረጠው በሕክምና ቦርድ ውሳኔ እንጂ በአሠሪው ፈቃድ አይደለም። የጉዳቱ መጠን ከተወሰነ በኋላ እንኳ የሠራተኛው ሁኔታ ቢባባስ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ይህች አንቀጽ ከሁሉ በላይ ልትታወቅ የሚገባት ናት፤ ቁስል ቀጠሮ እንደማያከብር ሕጉ ራሱ ማመኑን ትመሰክራለችና።

ጉድለቱም አይካድም። በየጊዜው የሚሰጠው ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ከ50 በመቶ ያላነሰ ሆኖ በዓመቱ ያቆማል። አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ግን ወር አይቆጥርም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሕጉ የማይደርስበት ሰው ነገር ነው። በካቦ ቃል ተቀጥሮ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን እንደማያሳጣው አዋጁ ቢደነግግም፣ ይህን የሚነግረው የለም። ጥቂት ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይፈርማል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ አገር ቤት፣ እናቱ ደጅ ነው።

ያን ጊዜ የመዘዙን ዋጋ የምትከፍለው ላሟን የምትሸጠው እናት ናት። አሠሪው ምንም ካልከፈለ ደግሞ የሚቀጥለውን መወጣጫ የሚያጠብቅበት ምክንያት የለውም። ቦኩም ያስተማረችን ይህንኑ ነበር።