ጋዝ፦ ከኩራዝ እስከ ጁፒተር

«ጋዝ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የኩራዙ ነጭ ጋዝ ወይም ማድ ቤት ጥግ የቆመው ሲሊንደር ነው። ጁፒተር «ጋዛማ ፕላኔት» ነው ሲባል «ክብሪት ቢጫርበትስ?» ብሎ የሚሰጋ ቢኖር አይፈረድበትም።

ቃሉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈጠረው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ነው፤ መነሻው ቅጥ ያጣ ትርምስን የሚገልጸው የግሪኩ «ካኦስ» ነው። በሳይንስ ጋዝ ማለት የራሱ ቅርጽ የሌለው፣ የገባበትን ዕቃ ሁሉ የሚሞላ ቁስ ነው። ነጭ ጋዝ ግን ስሙ ነው እንጂ ፈሳሽ ነው።

ጁፒተር በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። ወገቡ የምድርን 11 እጥፍ ይሰፋል፤ ክብደቱ ከ300 እጥፍ ይበልጣል። የሚያቃጥል ኦክስጅን ስለሌለው ክብሪቱ አያሰጋም። የሚቆሙበት መሬትም የለውም፦ እ.ኤ.አ. በ1995 ከጋሊሊዮ መንኮራኩር ተነጥላ ወደ ደመናው የገባችው መሣሪያ አንድ ሰዓት ያህል መረጃ ልካ ድምፅዋ ጠፋ።

«ጋዛማ» የሚለው ቅጽልም ሙሉውን አይናገርም። ወደ ውስጥ በተዘለቀ ቁጥር ግፊቱ ስለሚያይል ሃይድሮጅኑ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጁፒተርን መዞር የጀመረችው መንኮራኩር ጁኖ እምብርቱም ድንበሩ ያልለየ መሆኑን ጠቁማለች።

እንግዲህ ፈሳሹን «ጋዝ» የምንል እኛ ብቻ አይደለንም፤ የሰማይ ተመራማሪዎችም አብረውን ናቸው።