ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ፦ የወልድያና የሐብሩ የቴክኖሎጂ ግዥ ከአካል ጉዳተኞች አንጻር

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የአጋዥ ቴክኖሎጂ ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ በአንዳንድ ደሃ አገሮች ግን የሚያገኙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። ከቁጥሮቹ ጋር ጠብ የለኝም። የምሟገተው ችግሩ ሁሉ የገንዘብና የአቅርቦት እጥረት ነው ከሚለው የተለመደ ድምዳሜ ጋር ነው። ለዊልቸርና ለመስሚያ መሣሪያ ድምዳሜው ያስኬዳል። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛውና ለባለጉዳዩ በጨረታ ለሚገዛው ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ግን አያስኬድም።

ዋጋው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ኤንቪዲኤ ባልኖረ ነበር። አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ይህ የስክሪን ማንበቢያ በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የንግግር ፕሮግራም አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ ባያምርም። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ ፎንት፣ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ከፊደሉ ቅርጽ ሥር የተቀመጠው ኮድ ግን የላቲን ስለሆነ ማንበቢያው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ያወርዳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ መፍትሔው በእጃችን ነበር። ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ያው ነው፤ ለማንበቢያው ጽሑፍ ሳይሆን ምስል ነው።

ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የሚጽፉ ጸሐፊዎቻችን ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ስለ ተደራሽነት የሚደነግግ አንቀጽ 9 ይጠቅሱና ያቆማሉ። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 2 ግን እምብዛም አያነሱትም። ሰነዱ ተደራሽነት በመንግሥት ግዥ ሕግ ውስጥ መግባት እንዳለበትና የሕዝብ ገንዘብ ኢ-እኩልነትን ለመፍጠር ወይም ለማስቀጠል መዋል እንደሌለበት ይናገራል። ለእኔ ወሳኙ ምንጭ ይህ ነው፤ ጉዳዩን ከበጎ አድራጎት አውጥቶ የቴክኒክ ዝርዝሩን የሚያረቅቀው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋልና።

ወልድያ ለዚህ ክርክር የተለየች ናት። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። የተዘረፈ ቢሮ ዳግም ሲደራጅ የቀድሞውን ዝርዝር ገልብጦ ማውጣት ይቀናዋል፤ ድሮ ያልነበረ የተደራሽነት መስፈርት አሁንም ሳይኖር ይቀራል። እርግጥ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚመራው በፌዴራል የግዥ ሕግ ሲሆን መርሳ ላይ ያለው የሐብሩ ወረዳ አስተዳደር በአማራ ክልል ሕግ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ጥንቃቄ ይሻል። የዝርዝሩ ክፍተት ግን አንድ ነው።

መስፈርቱ ተጫራች ያሳንሳል የሚሉ አሉ። ዊንዶውስና አንድሮይድ ማንበቢያቸውን ይዘው ስለሚመጡ ክርክሩ ብዙ አያራምድም። መብራት በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው የሚሉም መብራት ሳይኖር ኮምፒውተሩ ራሱ ለምን እንደተገዛ ቢመልሱ ይሻላል።

የግዥ ባለሙያዎች ከሚቀጥለው ጨረታ በፊት ዝርዝሩ ላይ ይህን ይጨምሩ፦ የአማርኛ ጽሑፉ ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን፤ ሶፍትዌሩ ያለ ማውዝ በኪቦርድ ብቻ ይሠራ፤ ርክክብ ከመፈረሙ በፊትም ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በማንበቢያ ይፈትሸው።