ጉልበትና ጥርስ፦ የከባድ ጭነት መኪና የኃይል ማስተላለፊያ ታሪክ

ስለ ጭነት መኪና ብርታት በሚደረግ ውይይት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የሞተሩ ፈረስ ጉልበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ግን ጎደሎ ነው። ሞተሩ ያመነጨው ኃይል ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሲያሉንና ሴሚያሱን አልፎ ነው፤ በዚህም መንገድ ላይ ጥርስ ከጥርስ ጋር በተገናኘ ቁጥር ፍጥነት እየተቀነሰ የማዞር ኃይል ይጨመራል። ጉልበቱን ከጥርሱ ጋር ማመዛዘን ላለፉት 130 ዓመታት ያህል መሐንዲሶችን ያደከመ ጥያቄ ነው። ታሪኩን ባጭሩ መመልከቱም ዛሬ መኪና ለሚመርጥ፣ ለሚጠግንና ለሚያሻሽል ባለሙያ ሁሉ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1896 ጎትሊብ ዳይምለር በጀርመን አገር ያቀረበው የመጀመሪያው የጭነት መኪና 4 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ይሁን እንጂ አንድ ቶን ተኩል ጭነት መሸከም ተችሎታል። ምሥጢሩ በጥርሱ ላይ ነበር። ኃይሉ በቀበቶ ወደ አንድ ዘንግ ከተላለፈ በኋላ፣ በዘንጉ ጫፍ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች በኋላ ጎማዎች ውስጥ የተገጠሙትን ትልልቅ የጥርስ ቀለበቶች ያሽከረክሩ ነበር። ደካማው ሞተር ከባዱን ጭነት ያንቀሳቀሰው በፍጥነት ኪሣራ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከባድ መኪኖች በሰንሰለት ይነዱ ነበር። በ1916 የወጣውና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስም ያተረፈው የአሜሪካው ማክ ኤሲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰንሰለት ጫጫታና አቧራ የማይለየው ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ባለቤቱ የሥራው ዓይነት ሲለወጥ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ በሌላ በመተካት ብቻ ምጥጥኑን ማስተካከል ይችል ነበር። ዲፈረንሲያሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ኮሮናውና ፒኞኑ በፋብሪካ ተጣጥመው የሚመጡ በመሆናቸው፣ የምጥጥን ምርጫ ከጋራዥ ወጥቶ መኪናው በሚታዘዝበት ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ጉዳይ ሆነ።

በአገራችን ይህ ታሪክ የገባው በብዛት ከኢጣልያ ወረራ ጋር ነው። ዛሬም በየጋራዡ የምንናገራቸው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ሴሚያስ የሚሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። በ1930ዎቹ የመጡት እንደ ፊያት 634 ያሉ የናፍጣ መኪኖች ጉልበታቸው 75 ፈረስ ገደማ ነበር። እነዚህ መኪኖች ከምጽዋ ተነሥተው 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አሥመራ፣ ከዚያም አልፈው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን መውጣት ነበረባቸው። አየሩ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአሥር እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠረፍ ጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ለሾፌሩ የቀረለት ተስፋ ዝቅተኛው ማርሽና ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከ1952 ጀምሮ የተሠራውና ከነተሳቢው በአሰብ መንገድ ዘመኑን የፈጀው ፊያት 682ም በዚሁ ባሕርይ ይታወሳል፤ ዝግ ይላል እንጂ ይደርሳል።

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጉልበቱ ሲያድግ ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ታዩ። የጊዜው የናፍጣ ሞተር በደንብ የሚሠራው በጠባብ የዙር ክልል፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ1,700 እስከ 2,100 ባለው ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ማርሽ ወደሚቀጥለው ሲታለፍ ልዩነቱ ከ1.24 እጥፍ ሊበልጥ አይገባም፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማርሽ መካከል ዘጠኝ እጥፍ ያህል ልዩነት ለማግኘትም 11 ወይም 12 ማርሽ ያስፈልጋል። የፉለር ፋብሪካ ብዙ ማርሽ ያለውን ካምቢዮ መረጠ፤ የማዞር ኃይሉንም በሁለት ጎን ዘንጎች ላይ አከፋፍሎ እያንዳንዱ ጥርስ የሚሸከመውን ጫና ቀነሰ። የማክ ፋብሪካ ደግሞ ሞተሩን ራሱን ለወጠ። ማክሲዳይን የተባለው ባለ 237 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከ1,200 እስከ 2,100 ዙር ባለው ክልል ጉልበቱን ብዙም ሳያጓድል ይሠራ ስለነበር አምስት ማርሽ በቃው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ሞተርና ካምቢዮ ተለያይተው ሊታሰቡ እንደማይገባ አስረድተዋል።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ዓላማው ተለወጠ። ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ መኪናው እንዲፈጥን ሲባል የዲፈረንሲያሉ ምጥጥን እየቀነሰ መጣ። ቀድሞ 5 ወይም 6 የነበረው ዛሬ በሜዳማ አገር በሚሠሩ ጎታቾች ላይ ከ3 በታች ወርዷል። ይህ ለአውሮፓ አውራ ጎዳና የሚስማማ ነው። ለዓባይ በረሃ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ሒሳቡን እንመልከት። በጠቅላላው 40 ቶን የሚመዝን መኪና በመቶ ሰባት የሚሆን ዳገት ሲወጣ፣ በ180 ፈረስ ጉልበት በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር፣ በ370 ፈረስ ጉልበት ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ጉልበት የሚወስነው ዳገቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው፤ መኪናው ዳገቱ ላይ ቆሞ ሊነሣ መቻሉን የሚወስነው ግን ጥርሱ ነው። ቁልቁለቱም እንዲሁ ነው። ይኸው መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ሲወርድ 500 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይለቀቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልያዘው ከዚህ ኃይል አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። የምጥጥን ምርጫ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ መኪና ለማሻሻል የሚነሣውን ይመለከታል። 1,500 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ያለው ሞተር፣ 12 በሆነ አንደኛ ማርሽና 5.7 በሆነ ዲፈረንሲያል ሲባዛ፣ ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ ከ90,000 ኒውተን ሜትር በላይ ወደ ኋላ ጎማዎች ይልካል። በሁለቱ የኋላ አክስሎች ላይ 20 ቶን ብቻ ካረፈ፣ ጎማው በደረቅ አስፋልት 69,000 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲደርስ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ሴሚያሱን ከመሰበር ያድነዋል። ጭነቱ ወደ 30 ቶን ሲያድግ ግን ጎማው እስከ 103,000 ድረስ ስለሚይዝ መንሸራተቱ ይቀራል፤ ጫናውን በሙሉ ሴሚያሱና ኮሮናው ይሸከማሉ። ስለሆነም ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ሴሚያስ ሲሰብር ጥፋቱን በብረቱ ጥራት ላይ ብቻ ማላከክ አይገባም። ሞተር ብቻ ቀይሮ ጉልበት የሚጨምርም ሰው፣ ከፍሪሲዮኑ እስከ ሴሚያሱ ያለውን ሰንሰለት ሁሉ ደግሞ ካላሰላ፣ ስብራቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወሩ ነው።

ከ1998 ወዲህ የገቢ ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል። መኪኖቹ እንደ ቀድሞዎቹ ደካሞች አይደሉም፤ ቱርቦ አላቸው፣ ከፊሎቹም ማርሻቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ። ዳገቱ ግን ያው ነው፤ የጥርስም ሕግ አልተለወጠም። ስለዚህ የግዥ ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ ከፈረስ ጉልበቱ ጎን የዲፈረንሲያሉ ምጥጥን፣ የመንገዱ ከፍታና የቁልቁለቱ ርዝመት አብረው እንዲጻፉ ማድረግ የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።