«ኦሪጅናል ጥራት» የተባለው የድሮ ካሴት

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ የድሮ ዘፈን ላከልኝ። ፋይሉ ላይ «24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ፣ ኦሪጅናል ጥራት» ተጽፎበታል። እዚህ ጌጫ በሞባይል ዳታ እስኪወርድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከፍቼ ስሰማው ሽሽሽ የሚለው ድምፅ አለ፤ ክሩ የሚዋልልበት ቦታ እንኳ አልቀረም። ካሴት ነው። ትልቅ ፋይል ውስጥ የገባ ካሴት!

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የማሳተም ብቸኛ መብት የነበረው ሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። እሱ ግን ደፈረ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ጥቂት ኤልፒዎች አወጣ። ባንዱ ባንድ ላይ እየተጫወተ ክር ላይ ይቀዳል፣ ክሩ ውጭ አገር ሄዶ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። የዘፈኑ ጥራት የተወሰነው ያን ቀን፣ በዚያ ክር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ያንን መጠበቅ ወይም ማበላሸት እንጂ መጨመር አይችልም።

ማበላሸቱንማ ካሴት በደንብ ሠራው። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ይህ ዕቃ ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ይጓዛል፤ የስቱዲዮ ክር ብዙ ጊዜ 38 ይሮጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነበር። የአጎቴ ቴፕ በድንጋይ ባትሪ ነበር የሚሠራው። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል። በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ያዳመጥነው ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ነው (ፍቅሩ ግን አልተቀነሰም፣ ይህን ልብ በሉልኝ)።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሲዲ በ1982 ሲመጣ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት ነበር። ፊሊፕስ እጁ ላይ የነበረው ቺፕ 14 ቢት ብቻ ስለሆነ ዘዴ ፈጠረ፤ ናሙናውን በማጫወቻው ውስጥ በአራት አባዝቶ ከ16 ቢት ጋር የሚቀራረብ ውጤት አገኘ። ዛሬ «አፕሳምፕሊንግ ዳክ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው የዚህ የልጅ ልጅ ነው። ዘዴው እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ማጣሪያው ከጆሮ ክልል ርቆ በቀላሉ እንዲሠራ ያደርጋል። በናሙናዎቹ መካከል የሚሞላው ግን ከነበረው የተሰላ ነው። ጉርድ ፎቶ በትልቁ ብታሳትሙ በፎቶው ያልነበረ ሽፋሽፍት አይወጣም።

ለመሆኑ ከመነሻው በከፍተኛ ጥራት የተቀዳስ? ሜየርና ሞራን በ2007 ባሳተሙት ጥናት አድማጮች ከፍተኛውን ከሲዲ ጥራት እንዲለዩ 554 ጊዜ ተፈትነው የለዩት ግማሽ ያህሉን ነው። ይህ እንግዲህ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም። በ2016 ጆሽዋ ራይስ 18 ጥናቶችን ደምሮ ሲያይ ከ52 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ። ልዩነት አለ ቢባል እንኳ ይህችው ናት። ለእሷ ሲባል ያልተጨመቀ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከ53 ሜጋባይት ወደ 345 ይወጣል። የካሴት ሽሽታ ያለበት ዘፈን ላይማ ጭራሽ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ»ን በ1990ዎቹ መጨረሻ ማውጣት ሲጀምር ዓለም የሰማው በተራ ሲዲ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ምንጩ ነው።

24 ቢት የሚጠቅመው ከክሩ ወደ ኮምፒውተር በምንገለብጥበት ጊዜ ነው፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል መተንፈሻ ይሰጣል። የእኛ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ለክር ጠላት ነው፤ ባለፈው ዓመት የአጎቴን ሳጥን ስከፍት ግማሹ ሻግቶ አገኘሁት። ጌጫ፣ ማሻ፣ ቴፒ፣ ሚዛን ያላችሁ፣ የወላጆቻችሁ ሳጥን ውስጥ ሸክላ ወይም የሠርግ ካሴት ካለ፣ የዳኩን ዋጋ ለደህና ቴፕ አውሉት። ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠርጉ፣ አንዴ በደንብ ገልብጡ። የሻገተውን ግን ሳይጸዳ አታጫውቱ፤ ሄዱንም ሌላውን ካሴትም ያበላሻል።